በባሏ አባት ስም የተዋሰችው መጽሐፍ

እኔና እሷ የምንሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪው ውስጥ ነው። ካውያችን ጎን ለጎን ነው። እሷ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ እኔ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ። ማጠቢያ ማሽኖቹ መዞር ከጀመሩ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን ዝም ብለን እንሠራለን፣ ወይም በዓይን እንተማማለን። እሷ ግን አንድ ጆሮዋ ላይ ኤርፎን ሰክታ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ትሰማለች። ጆሮዋ ብለን የሰየምናት ለዚህ ነው። አንዳንዴ ኮሌታ እየተኮሰች ብቻዋን ትስቃለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እንባዋ ካውያው ላይ ዱብ ይልና ትሽ ይላል። አዲስ የሚቀጠሩ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ይፈሯታል።

እኔ መጽሐፍ አልወድም፣ ምን አስዋሸኝ። ሁለት ገጽ ሳልገፋ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። የእሷን ታሪክ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉንም በየምሳ ሰዓቱ ስትነግረኝ ኖራለች።

ጆሮዋ መጽሐፍ ገዝታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ደሞዛችንን የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን በነጻ ወይም በርካሽ የሚገኝ መጽሐፍ የት እንደተደበቀ እንደ እሷ አነፍንፎ የሚያገኝ ሰው አላየሁም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ካርድ አውጥታ በስልኳ ኢ-ቡክ ትዋሳለች፤ ጊዜው ሲያልቅ መጽሐፉ ራሱ ከስልኩ ብን ይላል፣ ቅጣት የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። የደራሲው መብት ጊዜው ያለፈባቸውን የድሮ መጻሕፍት በጎ ፈቃደኞች ጮክ ብለው እያነበቡ የሚያስቀምጡበትን ድረ ገጽ ታውቃለች። ከአንዷ አንባቢ ኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፣ አንዱ ደግሞ ምዕራፍ በጀመረ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሷ ሁሉንም እንደ ዘመድ ለምዳቸዋለች። ደራሲዎች ለቅምሻ ያህል በነጻ የሚለቁትን የመጀመሪያ ክፍል ትሰማና ሁለተኛው ዋጋው እስኪወርድ ታደባለች። የድምፅ መጽሐፍ የሚሸጡ ድርጅቶች ለሙከራ የሚሰጡትን ወር ትጠቀምና ከማለቁ በፊት ትሰርዛለች። ድምፅ ያልተቀዳለት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ራሱ እንዲያነብላት ታዘዋለች። ያ ድምፅ ሠርጉንም ለቅሶውንም እንደ አየር ትንበያ እኩል ነው የሚያነበው፤ እሷ ግን ቅር አይላትም።

አንድ ነገር ግን አትነካም። የተሰረቀ መጽሐፍ። አንድ ጊዜ ደስ ይላታል ብዬ ከየትም የተገለበጠ ፋይል ላክኩላት። "ሰውየው ተጨንቆ የጻፈውን በነጻ የምሰማው እሱ ወይም ሕጉ ሲፈቅድልኝ ነው፤ እኔ ሌባ አይደለሁም" አለችኝና ለሳምንት ያህል አኮረፈችኝ። ይህን የማነሳው በኋላ የሆነው ነገር እንዴት አንገቷን እንዳስደፋት እንዲገባችሁ ነው።

ባሏ ግንባታ ላይ ስለሚሠራ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ክፍለ ሀገር ነው። ቤቱ ያለው በባሏ አባት ላይ ነው። ሹፌሩ ይሏቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የዓይን ግፊት ቀስ እያለ ብርሃናቸውን ወሰደው። ያም ሆኖ እጃቸው የቤቱን እያንዳንዷን ጥግ ያውቃታል። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት በሰርቪስ ስትመለስ በሩን የሚከፍቱላት፣ ምሳዋን ምድጃ ላይ አሙቀው የሚያበሏት፣ እናቷ እስክትመጣ የሚያጫውቷት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ጆሮዋ ከካውያው አጠገብ ለአንድ ቀንም መቆም አትችልም ነበር።

ዓይናቸው ድርግም ሲል ሽማግሌው አንድ ክረምት ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ከረሙ። እሷ ናት ያነሳቻቸው። ለማያዩ ሰዎች ብቻ የድምፅ መጽሐፍ በነጻ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ አገኘች። የሐኪም ማስረጃ አስገብታ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም እንደማይጠቀምበት ቃል ገብታ አካውንት ከፈተችላቸው። ስልኩ ላይ የት መንካት እንዳለባቸው ጣታቸው እንዲለየው ጠብታ የጥፍር ቀለም አደረቀችበት። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ሌላ ሰው ሆኑ። የሰሙትን እራት ላይ ያወራሉ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ይጣላሉ፣ "ያ ደደብ ሰውዬ ዛሬም አልነገራትም" እያሉ ይናደዳሉ።

በዚህ መሃል ያ ልብ ወለድ መጣ። ስለ አንድ ጀልበኛ ቤተሰብ የሚተርክ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለት፣ ማለቂያ የሌለው ረጅም መጽሐፍ ነው። ጆሮዋ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ተራ ስትይዝ ከፊቷ የተሰለፈው ሰው ብዛት ተስፋ አስቆረጣት። መሸጫው ላይ ዋጋውን አየችና ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው። በሹፌሩ ቤተ መጻሕፍት ግን ሰልፍ የለም፤ እሳቸው በጠየቁ ቀን አገኙት። ማታ ማታ እራት ላይ ጀልበኛው እንዲህ አለ፣ ሚስቱ እንዲህ መለሰች ማለት ሲጀምሩ ምራታቸውን አላስችል አላት። የእሳቸውን አካውንት በራሷ ስልክ ላይ ከፈተች። አንድ ምዕራፍ ብቻ ሰምቼ እዘጋዋለሁ ብላ ነበር። አንድ ብቻ ብሎ ያቆመ ሰው ካለ አሳዩኝ።

እሷ ያላወቀችው ነገር ይህ ነው። ያ መተግበሪያ ለማያዩ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ጥያቄ አያበዛም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከተሰማበት ቦታ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ የትኛው ስልክ ላይ እንደተሰማ ግድ የለውም። እሷ ላውንደሪ ውስጥ ሦስት ምዕራፍ ስትሰማ፣ የሽማግሌውም መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሦስት ምዕራፍ ወደፊት ይሄዳል። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ የእሷም ይመለሳል። ሁለቱ ሳያውቁት አንድ ገመድ ከሁለት በኩል ይጓተቱ ነበር።

እሷ ስልኩን ረገመች። "ይሄ ርካሽ ስልክ፣ የሰማሁትን መልሶ መላልሶ ያሰማኛል" እያለች ካውያውን ታንኳኳለች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ጠረጠሩ። መጽሐፉን ሲከፍቱት እሳቸው ሳያውቁ ሰው አግብቷል፣ ትናንት ጤነኛ የነበረው ሞቷል። ሰምቼው ረስቼዋለሁ ማለት ነው ብለው ደመደሙ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ታላቅ ወንድማቸው አእምሮውን ስቶ ነው የሞተው፤ እሱም የጀመረው እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነበር። በስተመጨረሻ ምድጃ ለኩሶ ረስቶ ቤቱን ከነዕቃው አቃጥሎታል።

ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የድሮ መስመራቸውን ፌርማታ በቃላቸው የመጥራት ልማድ ነበራቸው። ዳቦ ቤቱ፣ ዱቄት ፋብሪካው፣ ድልድዩ፣ እያሉ እስከ መጨረሻው ይወርዱታል። አንድ ቀን ጠዋት ድልድዩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ጆሮዋ የትንሿን ፀጉር እየሠራች ነበር። ውሃው ይፈሳል፣ ድምፅ የለም። ቀጥሎ ምን እንደሆነ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን አፏን አልከፈተችም። ጥቂት ቆይተው ቧንቧውን ዘጉና ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ፌርማታ መጥራቱን ተዉት።

የፈራ ሰው ደግሞ በእርግጥ ይሳሳታል። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመሩ። ትንሿን "ምሳ አብልቼሻለሁ?" ብለው ጠየቋት፤ እሷም ልጅ ናትና ከረሜላ ፈልጋ አላበላኸኝም አለቻቸው። ስለ መጽሐፉ ሲጠየቁ "ደህና ነው" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ጆሮዋ ቀስ በቀስ ፍርሃት ገባት። ሥራ ላይ ሆና በየመሃሉ ትደውላለች፣ ምድጃው ጠፍቷል ወይ ትላለች፣ እሳቸውም በጥያቄዋ ይበልጥ ይሰበራሉ። እኔም አልረዳኋትም፤ "ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብዬ ነገሩን አከረርኩት።

አንድ እሁድ ሽማግሌው ሴት ልጃቸውን አስጠሯት። የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ፋርማሲ አላት፣ ንግግሯም እንደ መርፌ ነው። አባትየው ሁለቱን ሴቶች አስቀምጠው ነገሩን አወጡት።

"የወንድሜ ነገር ጀምሮኛል" አሉ። "ስሰማ የዋልኩትን በማግስቱ አላስታውሰውም። እኔ ከዚህ ቤት መውጣት አለብኝ።"

"ወዴት ነው የሚወጡት አባባ?" አለች ጆሮዋ።

"መጦሪያ። ቦታ እንዳለ ጠይቄያለሁ።"

"እኔ ቤት ይምጡ እንጂ" አለች ልጃቸው።

"አንቺም ቤት ምድጃ አለ። ልጅ አለ።" ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "ያቺን ሕፃን አንድ ቀን ባቃጥላትስ? ያኔ ማን ነው የሚያጽናናኝ? ተዉኝ፣ ሳላጠፋ ልሂድ።"

 ልጃቸው ስትወጣ የወንድሟን ሚስት በር ላይ ያዘቻት። "አንቺ ቀኑን ሙሉ ጆሮሽን ደፍነሽ አባቴ እዚህ ሲደርስ አላየሽም" አለቻት። ጆሮዋም እውነት መሰላት። ባሏ በስልክ አለቀሰ። ትንሿን ማን እንደሚያይላት ስለጠፋት ሥራ ስለመልቀቅ ማሰብ ጀመረች።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። እህትየዋ ከሰዓት በኋላ መጥታ ልትወስዳቸው ተስማምተዋል፤ ትንሿ ያን ቀን ጎረቤት ትውላለች። ጠዋት ጆሮዋ ልትሰናበታቸው ስትገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ፈልጌው ነበር" አሏት። "ጀልበኛው ጀልባውን ሲሸጥ ሰማሁ። ለማን እንደሸጠ፣ ለምን እንደሸጠ ግን ምንም። ከበሽታው ምዕራፍ ጀምሬ ልስማ ብዬ መለስኩት፤ ከዚያ ደከመኝና ተውኩት። ስልኩን ውሰጂው፣ ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል።"

እሷ አቅፋቸው አለቀሰችና ስልኩን እዚያው አልጋው ላይ ትታው ወጣች። ምንም አልተገለጠላትም። ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ ሥር ያለውን አያይም።

ላውንደሪው ውስጥ እስከ ምሳ ድረስ ኤርፎኗን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ዓይኗ አብጧል። ከምሳ በኋላ ግን "ትንሽ ልርሳው" አለችና ሰካችው። ሸሚዝ ዘረጋች፣ ካውያውን አነሳች። ከዚያ እጇ ባለበት ቆመ። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ነው፤ ደም የሚባል አልቀረበትም። ቀጥሎ የሸተተኝ ጭሱ ነው።

"አንቺ፣ ሸሚዙ ተቃጠለ" ብዬ ካውያውን ከእጇ ነጠቅኩ።

"የበሽታው ምዕራፍ ነው" አለችኝ።

"ምን?"

"ጀልበኛው የታመመበት ምዕራፍ። እኔ ይህን ካለፍኩት ስንት ጊዜዬ። ትናንት ጀልባውን ሲሸጥ ነው ያቆምኩት። ወደ ኋላ የመለሱት እሳቸው ናቸው።" ክንዴን ያዘችኝ፣ ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። "እሳቸው ምንም አልረሱም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰማሁባቸው።"

ግማሹ አልገባኝም፤ መሮጥ እንዳለባት ግን ገባኝ። "ሂጂ" አልኳት። ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። የተቃጠለውን ሸሚዝ ከአሮጌ ጨርቅ ጋር ቀላቅዬ ምን እንዳደረግኩት ለአለቃችን እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

መንገድ ላይ ሽማግሌው ጋ ደወለች፤ ስልኩ አልጋው ላይ ብቻውን ጮኸ። እህትየዋ ጋ ደወለች።

"እትዬ፣ እንዳትገቡ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ደርሰናል፣ ኃላፊዋ ጋ ልንገባ ነው። አሁን ምክርሽን የምሰማበት ሰዓት አይደለም" ብላ ዘጋችባት። ደግማ ስትደውል ስልኩ ጠፍቷል።

የተሳፈረችበት ታክሲ በየማዕዘኑ ሰው ይጭናል፣ ሰው ያወርዳል። አንድ ሴትዮ መልስ ቆጥራ እስክትቀበል ጆሮዋ ከንፈሯን ነክሳ አደማችው። ዋናው መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወርዳ በእግሯ ሮጠች። የመጦሪያው ዘበኛ ማን እንደሆነች ሲጠይቃት "ልጃቸው ነኝ" ብላ አልፋው ገባች።

በኃላፊዋ ቢሮ ሽማግሌው ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ ደግ ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ አዲስ የሚገባን ሰው ሁሉ የምትጠይቀውን እየጠየቀቻቸው ነበር።

"ዛሬ ምን ቀን ነው አባቴ?"

"አላውቅም" አሉ ሹፌሩ። ያውቁት ነበር። ቀኑን ተናግረው ለቀጣዩ ጥያቄ መልስ ከሚያጡ ሁሉንም አንድ ላይ መተው ቀሏቸው ነበር።

"አባባ፣ አይፈርሙ" አለች ጆሮዋ በሩን ይዛ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ምንም አልሆኑም። እኔ ነኝ።"

እህትየዋ ተነሳች። "እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?"

"ተያት፣ ትናገር" አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። "ተናገሪ።"

ተናገረች። ሰልፉን፣ ዋጋውን፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ማለቷን፣ የገባችውን ቃል፣ ስልኳን ስትረግም መክረሟን። ሽማግሌው ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። ሲነዱ ከኋላ ግርግር እየሰሙ መንገዱን ብቻ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ስትጨርስ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

"ጀልባውን ለማን ነው የሸጠው?" አሏት።

"ለአማቹ።"

"ለምን?"

"ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ መሆኑን ቀድሞ ሰማ። ለአማቹ ግን አልነገረውም።"

"ይህን እኔ አልሰማሁም።"

"አልሰሙም አባባ። የሰማሁት እኔ ነኝ።"

"የመምህሯ ሠርግስ?"

"እሱም እኔ ነኝ። ከሠርጉ በፊት ያለውን ጠብ ግን እርስዎ ነዎት የሰሙት።"

"አዎ፣ እናቷ ሳህኑን ስትሰብር" አሉ ቀስ ብለው። "ሰማያዊውን ሳህን።"

"እሱን።"

እንዲህ እያሉ መጽሐፉን እስከደረሱበት ድረስ ተካፈሉት። እሳቸው ረሳሁት ያሉት ሁሉ እሷ ጋ ተገኘ። እሳቸው ያስታወሱት አንዲት ሳትጎድል ትክክል ነበረች። ኃላፊዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። እህትየዋ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አሉ ሽማግሌው ለኃላፊዋ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በቁሜ ራሴን ስቀብር ነበር፤ ታውቂያለሽ? ልጅቷን ማቀፍ ፈርቼ ነበር። እጄ ላይ እሳት ያለ ይመስለኝ ነበር።"

"ይቅር ይበሉኝ አባባ።"

ይቅር አላሏትም። ለልጃቸው "ወደ ቤት ውሰጂኝ" አሉ።

ማኩረፋቸው ሰነበተ። በልጃቸው እጅ የአካውንቱን ፓስወርድ አስቀየሩ፤ ጆሮዋ እዚያው ቆማ እያየች፣ አዲሱን ፓስወርድ በሹክሹክታ ነበር የተነገራቸው። መጽሐፉንም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመሩት። ትንሿን እንደ ድሮው ያበሏታል፣ ምድጃውን ያጠፋሉ፣ ማብሪያውን በመዳፋቸው ነክተው ያረጋግጣሉ። ከምራታቸው ጋር ግን ከሰላምታ የሚያልፍ ነገር የለም። እሷም ላውንደሪው ውስጥ ኤርፎን ሳትሰካ ትውል ጀመር። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሰልፍ ላይ ተራዋን መጠበቅ ብቻ ነው የቀራት። እኔ እንኳ ዝምታዋ ስለከበደኝ ያን ጉሮሮውን የሚጠርገውን አንባቢ ስሚው ብዬ ለመንኳት።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ እራት አቀረበች። ሽማግሌው በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ ስትል ተመልሰው ተቀመጡ።

"የዚያ መጽሐፍ ተራሽ ደረሰ?" አሏት።

"ገና ነው አባባ። ብዙ ሰው አለ።"

"እኔ ትናንት ጨርሼዋለሁ።" ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። "አንቺ የት ላይ ነበር ያቆምሽው?"

"ጀልባውን ሲሸጥ።"

ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

"እንግዲያው ሳህኑን ተይውና ቁጭ በይ" አሉ። "ተራሽ እስኪደርስ እኔ እነግርሻለሁ። አእምሮዬ እንደሁ ምንም አልሆነም።"